ተረቱን ከግጥም አታስወጡት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የቀረበው የሥነ ግጥም ዐምድ፣ ዘመናዊ ገጣሚዎች ተረትና አፈ ታሪክ ማንሳታቸው አንባቢን ያርቃል፤ ካነሱም በግርጌ ማስታወሻ ያብራሩ ይላል። ጸሐፊው የአንባቢ ነገር ገዷቸው እንደ ጻፉ ይገባኛል። ሐሳባቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም።

ኢካሩስን ልጥቀስ። በግሪኮች አፈ ታሪክ፣ አባቱ ከላባና ከሰም በሠራለት ክንፍ በረረ፤ ፀሐይን አብዝቶ ሲጠጋ ሰሙ ቀለጠና ባሕር ውስጥ ወደቀ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊስታን ኦደን እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ተረት ሲያነሳ ልጁን ጥግ ላይ ነው ያስቀመጠው። ግጥሙ በሠዓሊው ብሩጌል ስም ከሚታወቅ ሥዕል የተነሣ ነው። ገበሬው ያርሳል፤ ጩኸቱን ሰምቶ ይሆናል፣ ግን ጉዳዩ አይደለም። ሁለት ነጫጭ እግሮች አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ይሰምጣሉ። በአጠገቡ የምታልፈው መርከብ የምትደርስበት አላትና መንገዷን ትቀጥላለች።

ይህን ግጥም መጀመሪያ ሳነብ ኢካሩስ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዱ እየሞተ ሌላው ሞፈሩን እንደማይለቅ ግን ገባኝ፤ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ተረቱን በኋላ ሳውቅ ሕመሙ በረታብኝ እንጂ አዲስ አልሆነብኝም።

የግርጌ ማስታወሻውንማ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ሞክሮታል። በ1922 ያወጣው ረጅም ግጥም በመጽሔት ሲታተም ማስታወሻ አልነበረውም፤ በመጽሐፍ ሲወጣ ተጨመረለት። አንባቢው ማስታወሻውን ማሳደድ ያዘ። ገጣሚው ራሱ በ1956 ሰዉን ከንቱ ፍለጋ ላይ በማሰማራቱ መጸጸቱን ተናግሯል።

የአማልክት ስም በየስንኙ እየሰካ ጥልቅ መምሰል የሚሻ ገጣሚ መኖሩን አልክድም። ስሙን ስታወጡበት ምንም የማይጎድለው ግጥም ውስጥ ተረቱ ቀድሞም አልገባም። ዴሪክ ዋልኮት ግን በ1990 ባሳተመው ግጥም የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜርን ጀግኖች የካሪቢያን ዓሣ አጥማጆች አደረጋቸው። አሺልና ሄክተር የሚጣሉት ከጀልባ ውኃ በሚጨለፍበት አንድ የዛገ ጣሳ ነው፤ ከጣሳው ጀርባ ያለችው ደግሞ ሁለቱም የሚወዷት ሄለን ናት። የጥንቱን ጦርነት ያልሰማ አንባቢም በጣሳ የተጣሉት ሁለት ሰዎች ስለ ጣሳ እንዳልተጣሉ ያውቃል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ግጥም ስታትሙ ማብራሪያውን ከአናቱ ላይ አታስቀድሙት። የግድ ካስፈለገ በሌላ ገጽ ይሁን። አንባቢው መጀመሪያ ልጁ ሲወድቅ ይይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግጥም አንባቢ