እናንተስ በየትኛው ቢላ ነው የምትከትፉት?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። የዛሬው ደብዳቤ የዋጋም የአዲስ ዕቃም ማስታወቂያ አይደለም። ያጻፈን የአንዲት ደንበኛችን ጥያቄ ነው።

ፋሲካ ሊደርስ ሰሞን እትዬ ያሳሏቸውን ሁለት ቢላዎች ሊወስዱ እዚህ ደብረ ብርሃን ወርክሾፓችን መጡ። ምግብ ቤት አላቸው፤ ለዓመታት የኛን ቢላ ነው የሚገዙት። ምሳ ሰዓት ስለነበር አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ለሰላጣ ቲማቲም እየከተፉ፣ ሎሚ እየቆረጡ ነበር። እትዬ ገና ወንበር ሳይዙ ዓይናቸው ቢላው ላይ አረፈ። ስስ ነው፤ ነጭ የፕላስቲክ እጀታ አለው። የፋብሪካ ቢላ።

«ይሄ የናንተ ሥራ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ከሱቅ ገዝተነው ነው።»

«እንዴ! እኔን በናንተ ቢላ እያስከተፋችሁ እናንተ በሰው ቢላ?»

ሥራ ይዞኝ ስለነበር ባጭሩ መለስኩላቸው። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ለራሴም አልበቃኝም። ደግሞ ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ቢላ ሠሪ የራሱን ይጠቀማል ወይስ የሌላ ሰው ሥራ ይገዛል?

እኛ ሁለቱንም እናደርጋለን።

ከራሳችን ልጀምር። ቤቴ ያለው ትልቁ ቢላ ለሽያጭ ያልበቃ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው፤ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወደ ግራ ትንሽ ጎበጠ። ለእናንተ አይሸጥም፣ ለመጣልም ያሳዝናል። ስለዚህ ቤት ገባ። ልጆቹ ቤት ያሉትም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ እጀታው አላምር ያለ ነው፣ አንዱ ለሙከራ የተሠራ። ያማረው ገበያ ይወጣል፣ እንከን ያለበት ቤት ይቀራል።

ያስተማሩን ግን እነዚህ ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ ቢላ የምንፈትነው ወረቀት በመቁረጥ ነበር። የተሳለ ቢላ ሁሉ ወረቀት ይቆርጣል። አንድ ቀን ባለቤቴ ማድ ቤት ጠራችኝና ሽንኩርት አስቀምጣ ቢላውን ተጫነችው። እስከ ግማሽ ገባ፤ የቀረው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። «አየህ፣ አይቆርጥም፣ ይፈልጣል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስለቱ ምላጭ ነው፤ ከስለቱ ከፍ ብሎ ያለው ገላው ግን ወፍራም ስለሆነ እንደ ሽብልቅ ይሠራል። ስንለካው ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዛሬ ለማድ ቤት የምንሠራው ከግማሽ ሚሊ ሜትር አያልፍም። ያቺ ሽንኩርት ባትኖር እስከ ዛሬ ወረቀት እየቆረጥን እንሸጥላችሁ ነበር።

ሌላዋ አስተማሪ ዶሮ ናት። በበዓል ዋዜማ አሥራ ሁለት ብልት ሲወጣ መገጣጠሚያውን የሳተ ስለት አጥንት ላይ ያርፋል። የኛው ቢላ አረፈና ተሸረፈ። ሽራፊው የጤፍ ቅንጣት ቢያክል ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ግን ይታወቃል።

እዚህ ላይ ስለ ብረቱ ትንሽ ላውራ። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው። ማግኔት እሱን መሳብ እስኪተው ድረስ፣ ማለትም 770 ዲግሪ ደርሶ አለፍ እስኪል እናግለዋለን። ከዚያ ዘይት ውስጥ። ሲወጣ ሞረድ ይንሸራተትበታል እንጂ አይበላውም። ግን በዚያው ከተተወ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ተጠርጎ ወደ ኦቭን ይገባል። 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ሁለት ሰዓት። የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል ማለት ነው። እኛ ድሮ ስለቱ ቶሎ እንዳይዶለዱም ብለን 170 ዲግሪ ላይ ነበር የምናቆመው። ጠጣር ሆነ፤ ግን ቻይ አልሆነም። ያቺ ዶሮ ከመሠራቷ በፊት ይህን አናውቅም ነበር።

ገበያ ላይ ከግንባታ ፌሮ የተቀጠቀጠ ቢላም አለ። የሱ ችግር ሌላ ነው። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢያግሉትም ቢነክሩትም አይጠነክርም። ጠዋት ተስሎ ማታ ይዶለዱማል።

አሁን ወደ ነጩ ቢላ። ባሌስትራ ሎሚ አይወድም። ክሮሙ ከመቶ አንድ እንኳን ስለማይሞላ አሲድ ሲነካው ይጠቁራል፤ ካልተጠረገ ይዝጋል፤ ሎሚውም ብረት ብረት ይላል። የማይዝገው ብረት ከመቶ ከ10 በላይ ክሮም አለው። እሱን በደንብ ለማጠንከር ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ ከፍ ዝቅ የማይል ሙቀት ያስፈልጋል። በኛ የከሰል ምድጃ ይህን ያህል ሙቀት ሳይዋዥቅ መያዝ አይቻልም። ሞክረን የተበላሸ ነገር ከምናስታቅፋችሁ፣ ፋብሪካ አሳምሮ የሠራውን ብትገዙ ይሻላል። እኛም የገዛነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቢላዬ ደግሞ ከሁሉ የምሳሳለት ነው። የገዛሁት ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአንኮበር በኩል ከመጡ አንድ አዛውንት ነው። ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት፤ መሣሪያቸው ይኸው ነው። ቢላው ሲታይ ተራ ነው። በግ ስገፍበት ነው የገባኝ። የቀንዱ እጀታ መጨረሻው ላይ አበጥ ብሎ ወደ ታች ይታጠፋል። እጅህ ጮማ በጮማ ሆኖ እንኳን ቢላው አያመልጥህም፤ ትንሿ ጣትህ እዚያች እብጠት ላይ ትይዛለች። የኛ እጀታ ያኔ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከአንድም ሁለቴ አንሸራቶኛል። በሚቀጥለው ገበያ አባባን ፈልጌ «ይህን አሠራር ብወስድብዎት ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። «ውሰድ ልጄ፣ እኔም ካባቴ ነው የወሰድኩት» አሉኝ። ዛሬ በኛ ቢላ ላይ የምትወዷት እብጠት የሳቸው ናት።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አገራችን ቢላውን እየገዛ ሠሪውን ሲያንቋሽሽ ኖሯል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያ ስድብ ግን በአንዳንድ ሰው አፍ ዛሬም አለ። እንደ አባባ ያለ ሰው ሥራውን ሳይከራከሩ ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ለኔ የሙያ አክብሮት ነው። ባለሙያ የባለሙያን ሥራ ካልገዛ ማን ይግዛ?

በሌላም አገር ቢሆን እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ላቭለስ በቢላ ሠሪዎች ዘንድ ስሙ ትልቅ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. መርከበኛ ሳለ ኒው ዮርክ ወርዶ ራንዳል የተባለ የሌላ ባለሙያ ቢላ ሊገዛ ሲሄድ ዘጠኝ ወር ጠብቅ ተባለ። ስላልታገሠ ከወደቀ የፓካርድ መኪና ባሌስትራ የራሱን ሠራ። በሌላ ሰው ቢላ ፍቅር የጀመረ ሰው ነው። ጃፓን ሳካይ ከተማ ደግሞ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሌላው እጀታ ይገጥማል። እዚያ «የራሴ ቢላ» የሚል አንድ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የኛንም ሰገባ የሚሰፋው ሌላ የቆዳ ባለሙያ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን የምንነግራችሁ ጥፋት አለብን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሸጥናቸው የቀንድ እጀታዎች በደንብ አልደረቁም ነበር። እዚህ ብርዱ ላይ ምንም አላሉም፤ እኛም ቤት ያሉት ደህና ሲያገለግሉ ከረሙ። ሸዋ ሮቢት የወረዱት ግን በቆላው ሙቀት ደርቀው ተኮማተሩ፤ በቀንዱና በብረቱ መሃል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። የራሳችንን ቢላ መጠቀማችን እዚህ ላይ አላዳነንም፤ ሁላችንም የምንኖረው ደጋ ነውና። አሁን ቀንዱን ዓመት ሙሉ እናደርቃለን። አዲስ ዓይነት ቢላም ስድስት ወር ሳይሠራበት አይሸጥም። ሁለቱን እዚህ ቤታችን፣ አንዱን ሸዋ ሮቢት ያለች እህቴ ቤት እንሞክራለን።

እጀታው የተላቀቀባችሁ ካላችሁ አምጡት፤ ያለ ክፍያ እንቀይራለን። ደረሰኝ አንጠይቅም፣ ሥራችንን እናውቀዋለን። መምጣት ካልቻላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልን። የሌላ ሰው ሥራ የሆነ ቢላም ቢሆን እንስላለን። የአባባ ዓይነት ቢላ ካያችሁ ደግሞ ንገሩን፤ ልንገዛው እንፈልጋለን።

እትዬ፣ የሎሚውን ቢላ የት እንደገዛነው ጠይቀውኝ ነበር። ለርስዎም አንድ ገዝተን አስቀምጠናል፤ ሲመቸዎት ይውሰዱት።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ሠራተኞች
ደብረ ብርሃን