ያቺ እንጨት በኮላ አትጣበቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር የምሠራ አናጺ ነኝ። ሥራዬ ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ በርጩማ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ቫዮሊን ይዛ መጣች። ክር ልቀይር ብላ አራቱንም በአንዴ ፈትታቸዋለች። ሳነቃንቀው ውስጡ ኳ ኳ ይላል። በቀዳዳው አጮልቄ ባይ እርሳስ የምታክል እንጨት ወድቃለች። «ቆይ ላጣብቅልሽ» ብዬ ኮላ ሳነሳ ልጅቷ ጮኸች።

ለካስ አትጣበቅም! በላይኛው ገጽና በጀርባው መሃል ተቀርቅራ የምትቆም ናት፤ አጥብቆ የሚይዛት የክሮቹ ጫና ነው። ድምፁን ወደ ጀርባው የምታሻግረውም እሷ ናት። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች «ነፍስ» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ኮላ ስቀባ ነፍስ ያለው እንጨት ገጥሞኝ አያውቅም። በታጠፈ ሽቦ ወግተን እስክናቆማት ግማሽ ቀን ሄደ። ሂሳብ መጠየቅ አፈርኩ።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና መቃኛው አልዞር ይላል።

የጥበብ ገጻችሁ ስለ ዘፋኞች ብቻ ይጽፋል። እስቲ ስለ ጥገናም ጻፉልን። ለጊዜው ግን፣ ቫዮሊን ያላችሁ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቀይሩ።

አናጺው፣ ከጅማ