የጎልፍ ቲ የሚያዘው ከምንጣፉ በታች ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ ስለ ጨዋታ ውጤት ብዙ ይጽፋል፤ ስለ መሣሪያ አያያዝ ግን እምብዛም አያነሣም። በግቢያቸው መረብ ሰቅለው፣ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ምንጣፍ ዘርግተው የጎልፍ ምት ለሚያለማምዱ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶችና ግለሰቦች ይጠቅማልና ይህን ደብዳቤ በአንባቢያን ዓምዳችሁ እንድታወጡልን እንጠይቃለን። ጉዳዩ ኳሷ ከመመታቷ በፊት የምትቀመጥበትን ቲ የሚባለውን አጭር ማቆሚያ ይመለከታል። ቲው በየምቱ ከምንጣፉ እየተነቀለ ሲያስቸግር ከላይ በሚስማር መምታት፣ በሽቦ መጠፈር ወይም ዙሪያውን በማስቲሽ መለሰን ቶሎ ለሰው የሚታየው መፍትሔ ነው። ሦስቱም ቲውን አያቆዩትም፤ ሚስማርና ሽቦ ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። የምንጣፍ ቲ መያዝ ያለበት ከታች በእግሩ፣ ማለትም ከምንጣፉ ሥር በሚቀረው ሰፊ መቀመጫው ነው፤ በቀዳዳው አልፎ ወደ ላይ የሚወጣው አንገቱ ነጻ ይሁን።

በምቱ ጊዜ የሚሆነውን እንይ። ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ፣ ራሱ ብቻ ወደ 200 ግራም ይመዝናል። በአንድ አማተር ተጫዋች እጅ በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከኳሷ ጋር ተነካክቶ የሚቆየው ሰከንድ ለሁለት ሺህ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ሲሆን፣ ወዲያው በቲው ላይ ያልፋል። የጎማ ቲ ይህን የሚችለው ተኝቶ ስለሚነሣ ነው። ሲተኛ አንገቱ ወደ ፊት ይጎተታል፤ ጉተታውም ወደ እግሩ ይወርዳል። እግሩ ሰፊ ከሆነና ከምንጣፉ ሥር በደንብ ከተያዘ አንገቱ በርዝመቱ ሁሉ ይለመጣል። ዙሪያው በማስቲሽ የተለሰነ እንደሆነ ግን ልምጠቱ ሁሉ ማስቲሹ በሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያው ይሰነጠቅና ይበጠሳል። በሚስማር ሲመታ ደግሞ ጎማው ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ይቀደዳል፤ የሚስማሩ ራስ የዱላውን ሆድ ይፍቃል፤ የተላቀቀ ዕለትም ሚስማሩ ራሱ ወደ ፊት ይተኮሳል።

ከታች ጠንካራ፣ ከላይ ተለማጭ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቀድሞ ተጫዋቾች ኳሷን የሚያስቀምጡት በእርጥብ አሸዋ ቁልል ላይ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ጆርጅ ግራንት በ1899 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡበት ቲ፣ መሬት የሚገባው እንጨት ሆኖ ኳሷን የሚሸከመው ጫፉ የጎማ ቱቦ ነበር።

ቲው መነቀል ሲጀምር ብዙ ጊዜ ወቀሳው በቲው ላይ ይሆናል። አዲስ ቲ ይገዛል፤ እሱም በሳምንቱ ይነቀላል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የምንጣፉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በምት ብዛት ይሰፋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራና ደቃቅ አሸዋ ገብቶበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ቲውን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ። እግሩ ከምንጣፉ ሥር ደርሶ ቀጥ ካለ ደኅና ነው። የእግሩ ጠርዝ እየታጠፈ ወደ ቀዳዳው መግባት ከጀመረ ግን ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ቲ መለወጥ አይጠቅምም። ልኩ ይህ ነው፦ አንገቱ በቀላል ግፊት ማለፍ አለበት፣ ዙሪያውን ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት ይኑር፣ የእግሩ ስፋት ደግሞ ከቀዳዳው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። እጅግ የጠበበ ቀዳዳም መጥፎ ነው፤ አንገቱን አንቆ በጠርዙ ይቆርጠዋል።

የሰፋ ቀዳዳ ከሥር ይጠገናል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጎንደር ውስጥ ከየትኛውም ጎሚስታና ጫማ ጠጋኝ ዘንድ ይገኛል፦ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት። ከመነዳሪው የጭነት መኪና ቢሆን ይመረጣል፤ ከትንሽ መኪናው ይወፍራልና። ምንጣፉን ደረቅ ቀን ጠብቆ መገልበጥ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ። ከከመነዳሪው 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይቆረጣል። የክቡን አንድ ገጽና የምንጣፉን ሥር በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ብናኙን መጥረግ ግድ ነው፤ ከመነዳሪ ለስላሳ ስለሆነና ከፋብሪካ ዱቄት ይዞ ስለሚመጣ ሳይሻከር የተለጠፈ ሁሉ ይላጣል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ በስሱ ይቀባል። ከዚያ መታገሥ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በጣት ሲነካ እስከማይከተል ድረስ። እርጥቡን ማጣበቅ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ነው፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀርና ከጥቂት ምት በኋላ ክቡ ይንሸራተታል። ከተጣበቀ በኋላ በመዶሻ ከመሐል ወደ ዳር እየመቱ አየሩን ማስወጣት፣ ከባድ ነገር ጭኖ 24 ሰዓት መተው።

አዲሱ ቀዳዳ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመቀስ ግን አይሆንም። መቀስ የሚተወው ማዕዘን መቀደድ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ከአንገቱ ጋር የሚመጣጠን የብረት ቱቦ ቁራጭ ጠርዙን በሞረድ ስሎ፣ ከሥር ግንድ አስደግፎ፣ በመዶሻ አንድ ጊዜ አጥብቆ መምታት ንጹሕ ክብ ያወጣል።

ቀዳዳው ተስተካክሎም ቲው የሚነቀልበት ሁለተኛ ምክንያት ከምንጣፉ በታች ያለው ወለል ነው፤ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው። የቲው እግር ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ምንጣፉ በቀጥታ በሊሾ ላይ ሲዘረጋ እግሩ ባለበት ቦታ ጉብ ይላል፤ በየምቱ ይረግባል፤ እግሩም በዚያ ክፍተት ውስጥ እየተንሸራተተ ጠርዙ ይላላል። በኮብልስቶን ላይ ከተዘረጋ ይብሳል። በዋልካ አፈር ላይ መዘርጋት ደግሞ ጨርሶ አይመከርም፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዛሬ የተስተካከለው ከወራት በኋላ ወላቃ ይሆናል። አፈር ላይ ማድረግ ግድ ከሆነ ዋልካውን አንሥቶ በገረጋንቲ መተካትና መጠቅጠቅ ይቀድማል።

ሁነኛው አሠራር ከምንጣፉ ሥር 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ማንጠፍ ነው። ከቲው ቀዳዳ ትክክል ሥር ኮምፔንሳቶው ላይ ከእግሩ ትንሽ ሰፋ ያለ ክብ ይቆረጣል፤ እግሩ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ክቡ 8 ይሁን። እግሩ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ምንጣፉ ሜዳ ሆኖ ይተኛል። ከእግሩ ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ በከመነዳሪ ክቦች ይሞላል፤ እግሩን ወደ ላይ በቀስታ እስኪደግፉት ድረስ። ያን ጊዜ እግሩ በምንጣፉና በወለሉ መካከል ተይዞ መውጫ ያጣል፤ አንገቱ ግን እንደ ልቡ ይተኛል፣ ይነሣል። ኮምፔንሳቶው ውኃ ስለሚፈራ በሁለቱም ገጽና በተለይ በጠርዙ ቀለም ይቀባ። ምንጣፉን ከኮምፔንሳቶው ጋር ለማያያዝ ሚስማር ወይም ቪቴ አይግባበት፤ ዙሪያውን የእንጨት ክፈፍ ቢበጅለት አይንሸራተትም።

ቁመቱን በተመለከተ የኳሷ ስፋት መነሻ ይሆናል፤ በሕጉ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም፣ ግማሹ 21 ነው። ድራይቨሩ መሬት ላይ ሲቆም ከኳሷ ግማሽ ያህሉ ከዱላው አናት በላይ መታየት አለበት። የዱላው ፊት 60 ሚሊ ሜትር ቁመት ካለው ከዚያ ላይ 21 ሲቀነስ 39 ይቀራል፤ ስለዚህ ከምንጣፉ ሣር በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚታይ ቲ ይበቃል። ቲ ሲገዛ ግን የምንጣፉ ውፍረት ይደመራል። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ምንጣፍ ጠቅላላ ርዝመቱ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ቲ ያስፈልጋል፤ 50ውን ገዝቶ አጠረ ብሎ ወደ ላይ መጎተት እግሩን ከማላላት ሌላ ጥቅም የለውም። የረዘመ ቲ ግን ሳይቆረጥ ያጥራል። በእግሩና በምንጣፉ መካከል የከመነዳሪ ክብ እንደ ሮንዴላ ማስገባት ነው፤ ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ቲው 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ለጎልማሳና ለሕፃን፣ ለድራይቨርና ለአጭር ዱላ ቁመቱን እያስተካከሉ በአንድ ቲ መሥራት ይቻላል።

የፋብሪካ ቲ ላጣ ሰው የግማሽ ኢንች የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይሠራለታል። ውስጡ ክር ያለበት ጎማ ደረቅ ስለሆነ አይመረጥም፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክም በጎንደር የጠዋት ብርድ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። ጥቁሩና ለስላሳው ይሻላል። የምንጣፉን ውፍረትና የሚፈለገውን ቁመት ደምሮ፣ ለእግሩ ሌላ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ መቁረጥ። የታችኛው 3 ሳንቲ ሜትር በአራት ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ከላይና ከታች በሁለት የከመነዳሪ ክቦች ይታቀፋል፤ የላይኛው ክብ መሐሉ ተበስቶ አንገቱ ያልፍበታል። የፕላስቲክ ጎማ ማስቲሽ ቶሎ ስለሚለቅ እያንዳንዱን ቅጠል ጫማ ጠጋኝ በወስፌና በናይለን ክር ቢሰፋው ነው የሚዘልቀው። አናቱ በሹል ምላጭ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ያዘነበለ ቁርጥ ኳሷን ያንከባልላል።

ሰው ሠራሽ ሣሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ፣ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ቲ የሚሰካበት የምንጣፍ ዓይነት የተለየ ነው። እዚያ ቲውን የሚይዘው ሣሩ ስለሆነ፣ ሲተኛ በጠንካራ ብሩሽ ማንሣት፣ ካልሆነም ምንጣፉን አዙሮ ያልተመታበትን ወገን መጠቀም ነው። የእንጨት ቲ ሲመታ መብረሩ ያለ ነው፤ እንዳይጠፋ በ40 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ከወፍራም የጎማ ቁራጭ ጋር ይታሰራል። ሲባጎው ከኳሷ ባሻገር፣ ከተጫዋቹ ተቃራኒ በኩል፣ ለምቱ አቅጣጫ አግድም ይዘርጋ፤ ዱላው በማያልፍበት ቦታ ማለት ነው። ማሰሪያው ላስቲክ ከሆነ ቲውን ወደ ተጫዋቹ ፊት መልሶ ይወነጭፈዋል። በጎማው ፋንታ ዳዶ ወይም ሌላ ብረት ማሰርም ክልክል ሊሆን ይገባዋል።

ስለ አያያዝ ጥቂት እንጨምር። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የፀሐዩ ጨረር ጎማን ቶሎ ያደርቃል፤ ቲው ከልምምድ በኋላ በጨርቅ ይሸፈን ወይም ተነቅሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሲቆሽሽ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጽዳት ጎማውን ያሳብጠዋል፤ አንድ ጊዜ ካበጠ በኋላ ልኩ ይጠፋል፣ ማስቲሹንም ይለቀዋል። በክረምት ምንጣፉ ከሥሩ ውኃ ይቋጥራል፤ ዝናብ ሲያባራ በአንድ ጎኑ አቁሞ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል።

ለሆቴል ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው እንግዳ ይሞላል፤ የበጋው ፀሐይና አቧራም ከመስከረም ጀምሮ ጎማው ላይ ሲሠራ ከርሟል። በታኅሣሥ መጨረሻ ምንጣፋችሁን ገልብጡና እዩ። አንገቱን በጣት ስታጥፉት ደቃቅ ስንጥቅ የሚያሳይ ቲ ይለወጥ፤ ከላይ የተመታ ሚስማር ካለም በጉጠት ይነቀል፣ ቀዳዳውም ከሥር ይለጠፍ። ግራኝ ተጫዋቾች ስለሚኖሩ ሁለተኛ ቀዳዳ በምንጣፉ በሌላው ወገን፣ ከዳሩ እኩል ርቀት ላይ ይከፈት፤ በማይሠራበት ጊዜ እንዳይቀደድ ከሥሩ የከመነዳሪ ክብ ይለጠፍበት።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች፣ ከጎንደር