በበዓል ዋዜማ የቤት ሊጥ መጋገር ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን፣

በቅዳሜ ሹር የድፎ ሊጣችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ከበር የተመለሳችሁ አላችሁ። ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተነሥታችሁ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ በኋላ እንኳን ትሪውን በነጠላ ሸፍናችሁ፣ ታክሲ ቀያይራችሁ እስከ ጊዮርጊስ የደረሳችሁ አላችሁ። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማስታወቂያው ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ በራችን ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሩቅ የሄደ ሰው ሊያየው እንደማይችል ይገባናል።

ውሳኔው ግን እንዳለ ነው። ከእንግዲህ በበዓል ዋዜማ ከቤት ተቦክቶ የመጣ ሊጥ አንጋግርም። ምክንያቱን ልጻፍላችሁና ረዘም ቢል ታገሡኝ፤ ያን ቀን በር ላይ ቆሜ ለማስረዳት ጊዜውም አንጀቱም አልነበረኝም።

ከተባልኩት ሁሉ እስካሁን የሚከነክነኝ «ጋሼ ቢኖሩ ይህን አያደርጉም ነበር» የሚለው ነው። ከአንድ ሰው ብቻ አይደለም የሰማሁት። እናንተ ጋሼ የምትሏቸው ሰው ለእኔ አባባ፣ የእናቴ አባት ናቸው፤ ባለፈው ኅዳር ነው የቀበርናቸው። ብዙዎቻችሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ አብራችሁን አልቅሳችኋል፤ ውለታችሁን አልረሳሁም። ስማቸው ከተነሣ ዘንድ ግን እኔም የማውቃቸውን አባባ ልንገራችሁ።

ከጉራጌ አገር ወጥተው አዲስ አበባ ሲገቡ ገና ልጅ ነበሩ። መጀመሪያ ሊስትሮ ሆኑ፤ ቀጥሎ ፒያሳ አንድ ግሪክ ዳቦ ቤት በራፍ ጠራጊ፤ ከዚያ በጆንያ ዳቦ ተሸክመው ለሆቴልና ለቡና ቤት አዳይ፤ ከዚያ ሊጥ አቡኪ። የዱቄት ከረጢት ነበር ፍራሻቸው። አብዮቱ ሲመጣ ባለቤቱ አገሩ ገባ፤ ማቡኪያውንና ምድጃውን ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ ለአባባ ተወላቸው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቤቱ የመንግሥት ሆነና ኪራዩ ቀለለላቸው። ደርግን በበጎ ሲያነሡት የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሥራ መሄድ አይቻልም፤ ማታ ይገባሉ፣ በር ይቆለፋል፣ ሲነጋ የዳቦው ሰልፍ ደጅ ላይ ይጠብቃቸዋል። እናቴ አባቷን የምታስታውሳቸው ቀን ቀን ተኝተው ነው።

እሳቸው ለሰው እንቢ ማለት አያውቁም ለምትሉኝ፣ ያውቁ ነበር። በዚያው በሰልፉ ዘመን አንድ የቀበሌ ሹም በጓሮ በር ዳቦ እንዲወጣለት ቢልክ «ሰልፉ በፊት ለፊት ነው» አሉት። ያን ሌሊት ቀበሌ ታስረው አደሩ፤ ቡኮው ሆምጥጦ ተደፋ። ለመስቀልም በየዓመቱ ዳቦ ቤቱን ቆልፈው አገር ቤት ይገቡ ነበር። ደንበኛ ምን ይላል ሲባሉ «ደንበኛም እናት አለው» ይሉና ይሄዳሉ። ለእናታቸው ሲሉ ይዘጉ የነበሩትን ሰው፣ ለሠራተኞቼ ስል በዘጋሁ ጊዜ መውቀሻ አታድርጉብኝ።

የድፎው ነገር በአንዲት ጎረቤት ነው የተጀመረው። ምጣዷ ተሰብሮባት ሊጧን ይዛ መጣች፤ አባባ ተቀበሏት። በቀጣዩ በዓል አክስቷና ጎረቤቶቿ መጡ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሰልፉ ጥግ ይዞ ይታጠፍ ነበር።

ሥራውን ውስጥ ሆኖ ላላየው ቀላል ይመስላል። የዳቦ ቤት ምድጃ የሚፈልገው ትንንሹን ዳቦ ነው፤ ኃይለኛ ሙቀት፣ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ ይወጣል። ድፎ ግን ለዘብ ያለ እሳትና አንድ ሰዓት ያህል፣ ትልቁም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የአንዷ ሊጥ ቀጠን ያለ ነው፣ የሌላዋ ጠጣር፤ አንዱ ትሪ ጥልቅ፣ አንዱ ገበታ የሚያህል። ሰልፍ ላይ የቆየው ሊጥ ኩፍ ብሎ ያልፍበትና ምድጃ ውስጥ ይሰምጣል። አባባ በጣታቸው ነካ አድርገው ተራውን ትተው «ይሄ ይቅደም» ይሉ ነበር፤ ስንት ጠብ እንደተነሣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኮባው ገና ከሩቅ ሲታያቸው ትኩስ መሆኑንና አለመሆኑን ይለያሉ፤ የእንሰት አገር ሰው ናቸው። ያንን ጣት ለእኔም ለጋጋሪዎቼም አላወረሱንም። አንዲት እናት ጥቁር አዝሙዱን ለቅማ፣ ዱቄቱን ነፍታ፣ ሌሊት ተነሥታ ያቦካችውን አሳርሬ ወይም ልቡን ሊጥ አድርጌ ከምመልስላት፣ ከበር ብትቀየመኝ እመርጣለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። በፋሲካ ሌሊት ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ሊፈስክ ቤቱ ሲገባ፣ አባባ የመጨረሻዎቹን ትሪዎች እያወጡ ነው። ጎሕ ሲቀድ ቤት ይደርሳሉ። ዶሮው ይቀርባል፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እንጀራው ሳይቆረስ ያንቀላፋሉ። በእናንተ ቤት አባወራው ባርኮ የቆረሰውን ድፎ የጋገሩት እሳቸው ናቸው፤ በእኛ ቤት ግን ቆራሿ አያቴ ነበረች። የእኛ የበዓል ጠዋት ልጆች በሹክሹክታ የሚያወሩበት ጠዋት ነበር። «ጋሼ ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት» ትሉ ነበር፤ እውነት ነው፣ ደስ ይላቸው ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ዋዜማ መቆም አቅቷቸው ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያዙት። በዚያ ግርግር ሁለት ትሪ ተቀያየረ። አንዲት ደንበኛ ሰው ሁሉ እየሰማ «ካረጁ ቤትዎ አይቀመጡም?» አለቻቸው። አባባ የዱቄቷን ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቤት አልመጡም። እኔም የወሰንኩት ያኔ ነው፤ ለቅሶው እስኪያልፍ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።

ገንዘብ ነው ያላችሁም አላችሁ። ገንዘብም ነው፣ አልክድም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ እርሾውም የምድጃው መለዋወጫም የሚመጣው ከውጭ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየጊዜው እየጨመረ ነው፤ ምድጃችን ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው። ለአንድ ድፎ ስንቀበል የነበረው ለመብራቱም አይበቃም፤ በአባባ ዘመን የተቆረጠውን ዋጋ ላንሣ ብል ደግሞ ሌላ ኩርፊያ ነው። በፒያሳው መልሶ ማልማት ሰፈሩ ሲነሣ የየዕለት ደንበኛችን ብዙው ሄዷል፤ በዓል ሲመጣ ብቻ በሚሞላ ቤት አምስት ሠራተኛ ማኖር ቀላል አይደለም። እነሱም ቢሆኑ እናት አላቸው።

የአባባን የዱቤ ደብተርም አግኝተናል። ያልተሰረዘ ስም ብዙ ነው። አንዳንዱ ስም ያን ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ከተናገረው ሰው ጋር ይገጥማል። ለማንም አልደውልም፣ ለማንም አላነሣም፤ ይህን ያህል ግን መናገር ይፈቀድልኝ።

አሁን ወደ ፊቱ። በአዘቦት ቀን ለልጅ ልደትም ይሁን ለተዝካር የቤታችሁን ሊጥ እንደ ድሮው እንጋግራለን፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት በፊት አምጡት፣ ያን ጊዜ ምድጃው ጋብ ይላል። ለበዓል እኛው አቡክተን በኮባ የጋገርነውን ድፎ እንሸጣለን። ለእንቁጣጣሽ ከጳጉሜን 1 እስከ ጳጉሜን 3 ማታ ድረስ መጥታችሁ ግማሹን ከፍላችሁ አስመዝግቡ፤ መምጣት ያልቻለ በልጁ ይላክ። ከሰፈር ተነሥታችሁ የሄዳችሁ የድሮ ደንበኞቻችን ከፈቀዳችሁ በዋዜማው ጠዋት በአንድ መኪና እስከ ሰፈራችሁ ለማድረስ አስበናል፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ስታስመዘግቡ ንገሩን፤ ከበዛችሁ የመኪናውን ኪራይ እኛ እንችላለን። አዝሙድ የሚበዛበት፣ ድንብላል የማይወድ፣ ቀይ ሽንኩርት የሚጨመርበት እያላችሁ ንገሩን፣ ይጻፋል። የእናንተን እጅ አይተካም፤ ግን ቅመሱት።

ካዘናችሁብኝ ደግሞ መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አለሁ።

በተረፈ ከአባባ ጊዜ ጀምሮ የተረሱ ሦስት ትሪዎች እኛ ጋ አሉ። አንዱ አረንጓዴ አበባ ያለበት ነው፣ ሁለቱ ነጭ። ምልክቱን የሚናገር መጥቶ ይውሰድ።

አክባሪያችሁ፣
የዳቦ ቤቱ ባለቤት
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ