ጅማ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ብረትን ትኩስ የፎስፎሪክ አሲድ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ዘይት የሚይዝ ስስ የፎስፌት ሽፋን ማልበስ፣ ፓርከራይዚንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ስሙ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከጠመንጃ ጋር ነው። የጠመንጃው ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ ለፈቃድ ባለቤቶች እንተወው። ያው ሥራ ግን ለእሸት ቡና መፈልፈያ ሻፍት፣ ለጊር፣ ለብሎንና ለዳዶ በእጅጉ ይጠቅማል። ክረምቱን ቆሞ የከረመ ማሽን ጥቅምት ላይ ሲነሣ ብሎኑ አልፈታ ብሎ በመጋዝ የሚቆረጠው በዝገት ነው። ሥራውን በቤቱ ሊሞክር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ፈሳሹ ውስጥ ስለሚገባው ማዕድን፣ «ማንጋኒዝ ይሻለኛል ወይስ ዚንክ?» ብሎ ነው። ለጅማ መልሱ ዚንክ ነው እንላለን።

ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው። የማንጋኒዝ ፈሳሽ ደግሞ ከ88 እስከ 99 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ደህና አድርጎ የሚይዘውም ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ ነው። «98 አድርሱት» የሚለውን የባሕር ዳርቻ አገር መመሪያ እዚህ የተከተለ ሰው ከሰል ሲጨምር ይውላል እንጂ ቁጥሩ ላይ አይደርስም። ይባስ ብሎ ፈሳሹ ሲንተከተክ ከሥር የተኛውን ዝቃጭ ያነሣና ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ ዝቃጩም ብረቱ ሲደርቅ በጣት የሚራገፍ ነጭ ዱቄት ይሆናል። በ90 ዲግሪ ማንጋኒዝ አይሠራም አይባልም፣ ይዘገያል እንጂ። ነገር ግን በከሰል ምድጃ ላይ ከ90 ሳይወርድ ሳይፈላም ማቆየት ቀላል አይደለም። ዚንክ ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ይበቃዋል። (ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውሃ ፈትኑት፤ ጅማ ላይ 100 ካሳየ የተበላሸው እሱ ነው።)

ማንጋኒዝ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ለሚፋተግ ጊር እሱ ይሻላል፣ ቀለሙም ወደ ጥቁር ይጠጋል። ዚንክ ግራጫ ነው የሚወጣው። ማንጋኒዝ የሚፈልግ ሰው ግን የተዘጋጀውን ፈሳሽ ይግዛ። የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን ዱቄት አሲድ ውስጥ መጨመር አያዋጣም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው የክሎራይድ ጨው ራሱ ዝገት ይጠራል። የመኪና ባትሪ አሲድም ሰልፈሪክ ስለሆነ በፎስፎሪክ ቦታ አይገባም፤ ብረቱን ይበላል እንጂ አያለብስም።

ለ10 ሊትር የዚንክ ፈሳሽ 85 በመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ 200 ሚሊ ሊትርና ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት 100 ግራም ያስፈልጋል። የሕፃናት ቆዳ የሚቀባው የዚንክ ቅባት ስብ አለበትና አይሆንም። አሲዱ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በቀስታ ይጨመራል፤ ውሃ አሲድ ላይ ፈጽሞ አይፈስም። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ተለውሶ በማንኪያ በማንኪያ ይገባል፣ ጠርቶ ሲሟሟ ውሃው 10 ሊትር ይሞላል። የዝናብ ውሃ እዚህ ሞልቶናል፣ ከቧንቧውም የተሻለ ነው፤ ኖራም ክሎሪንም የለበትም። ከዚያ ፈሳሹ እየሞቀ አንድ እፍኝ ተራ የብረት ሱፍ ለግማሽ ሰዓት ይነከርበታል፤ አዲስ ፈሳሽ ትንሽ ብረት ካልቀመሰ የመጀመሪያውን ዕቃ ያበላሻል። ገበያ ላይ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ብዙው ስቴንለስ ስለሆነ ይህን አይሠራም። ርጥብ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ካልዛገ አይጠቅማችሁም። ድስቱ ስቴንለስ ይሁን። አሉሚኒየምና ዚንክ የተለበጠ ባልዲ አሲዱ ይበላቸዋል። ያ ድስት ዳግመኛ ወጥ አይሠራበትም።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከፈሳሹ በፊት፣ እጥበቱ ላይ ነው። ግራሱ በላምባ ይለቀቅ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ፣ ከዚያ በአሸዋ መንፊያ ወይም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ደብዛዛ ግራጫ እስኪሆን ይፈተግ። ደረቅ አሸዋ የሚነፋ ሰው አፍንጫውን በደህና ማስክ ይሸፍን፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ዝገቱን በኃይለኛ አሲድ ማንሣት ፈጣን ይመስላል፤ ግን የሚለብሰው ፎስፌት ቅንጣቱ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ብረቱ ላይ ውሃ አፍስሱ። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ ተቆራርጦ ጠብ ጠብ ካለ ቅባት አለበት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ የነካችሁት ቦታ የጣታችሁ አሻራ ሆኖ ይቀራል።

ዕቃው በብረት ሽቦ ተንጠልጥሎ፣ የድስቱን ታች ሳይነካ ይግባ። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ይወጣዋል። አረፋው ሃይድሮጅን ነውና በር በተዘጋ ኩሽና ውስጥ አይሠራም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አረፋው ሲቀንስ ደርሷል። ከመጀመሪያውም አረፋ ከሌለ ወይ ፈሳሹ ቀዝቅዟል፣ ወይ ዕቃው ስቴንለስ ነው፣ እሱ ደግሞ አይለብስም። አረፋው ሳያባራ ብረቱ እየተበላ ከሄደ አሲዱ በዝቷል፤ 5 ግራም ዚንክ ኦክሳይድ በውሃ ለውሳችሁ ጨምሩ። የመዳብ ሉህ ያለበትን የመፈልፈያውን ከበሮ ግን ከነጭራሹ አታስጠጉ። ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን የሻፍት ወገብ በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ካልሆነ ልኩ ይጠብቃል። በሰም መሸፈን የሚያስቡ አሉ፤ ሰም በ64 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል፣ ፈሳሹ 80 ነው! የጠነከረ ስፕሪንግ ሃይድሮጅን ስለሚጠጣ ሳይታሰብ ይሰበራል፤ ከተነከረም ወዲያው በ100 ዲግሪ አካባቢ 8 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይቆይ።

ሲወጣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ በራሱ ሙቀት ይደርቃል። በዚህ ሰዓት ቡና ለመጠጣት የሄደ ሰው ሲመለስ ቡናማ ዝገት ይጠብቀዋል። ፎስፌት ብቻውን ዝገት አይከለክልም፣ ዘይት የሚይዝ ስፖንጅ ነው። ስለዚህ ገና ትኩስ ሳለ አዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ ገብቶ ይደር። የተቃጠለ ዘይት ጥላሸትና አሲድ አለበት። ከቡናው ጋር የሚነካካ ክፍል ላይ ግን ይህን ሥራ ጨርሶ አትሞክሩ፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ የዘይት ሽታ የገባበትን ቡና ቀማሽ ከአንድ ፉት በላይ አይፈልገውም። ከቡናው ራቅ ላሉ ብሎኖች የቀለጠ የማር ሰምም ደህና ይይዛል፣ እሱ ደግሞ በአገራችን አይጠፋም።

ያረጀው ፈሳሽ አዌቱ ወንዝ ወይም ቦዬ ረግረግ ውስጥ አይደፋም። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት፣ የአሲድ መጠን መለኪያው የፒኤች ወረቀት ወደ 9 ሲደርስ ዚንኩና ፎስፌቱ ነጭ ጭቃ ሆነው ይወርዳሉ። ጭቃው ደርቆ፣ ከምግብና ከከብት ርቆ ተዘግቶ ይቀመጥ።

ሁለት የብረት ሥራ ባለሙያዎች
ከጅማ