እማዬ፣ ልጃችን ክርስትና ተነሳችልሽ

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ፣ አባባስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለን ሁሉንም ልጻፍልሽ ብዬ ነው፣ ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

የልጅ ልጅሽ አርብ ክርስትና ተነሳች፣ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ስሟ ሲጠራ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቆመሽ ነው የታየሽኝ፣ ለኔ ስንቴ እዛ ተስለሻል። ቪዛው አልሳካ ብሎ አለመምጣትሽ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ግን እማ ሰው አልጎደለብኝም፣ ብቻዋን ናት ብለሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ጀርመን ያለችው ቤተክርስቲያናችን ትንሽዬ ናት፣ ህጻናቱ ሁሉ ተቆጥረውም አዳራሹ አይሞላም። ህንጻው የፕሮቴስታንቶች ነው፣ እሁድ እነሱ አራት ሰዓት ላይ ስለሚገቡ እኛ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ገብተን ምንጣፉን አንጥፈን መጋረጃውን ሰቅለን ስዕለ አድህኖውን አቁመን እንቀድስና ሁሉንም መልሰን ጠቅልለን እናወጣለን። ቅዳሴ ደግሞ እንደምታውቂው ሁለት ቄስ ሶስት ዲያቆን ካልተሟላ አይሆንም፣ የኛ ቄስ አንድ ናቸው፣ ሁለተኛው ከሌላ ከተማ በባቡር ነው የሚመጡልን። ሰማንያ ቀኗ አርብ ሲውል በስራ ቀን ማን ይመጣል፣ ወደ እሁድ ይገፋ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ አባ "ሄዋን በሰማንያ ቀኗ ነው ገነት የገባችው፣ እሷም በቀኗ ትገባለች" አሉ፣ በቃ አለቀ። አንዱ ዲያቆን የሌሊት ሽፍት ሰርቶ እንቅልፍ ሳያየው መጣ፣ ሌላው ከትምህርት ቀረ፣ ሴቶቹ ፈቃድ ወስደው ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ አደሩ። ሃምሳው ስላልወጣ አርብም ፍስክ አይደል፣ ዶሮው ተሰራ!

አርብ ስለሆነ ደግሞ ውጡ የሚለን የለም፣ ተረጋግተን አስጠመቅን። ውሃውን እዛው ኪችን አሙቀው ለብ አደረጉላት። ክርስትና እናቷ ያቺ የነገርኩሽ የደብረ ማርቆሷ ልጅ ናት፣ አራስ እያለሁ ገንፎዬን ያገነፋችልኝ። ልጅቷን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ስትክድላት ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ምስራቅ ዞራ አምናለሁ ስትል ግን ጥርት ብሎ ወጣ፣ እዛ ላይ አላስቻለኝም አለቀስኩ። ውሃው ሲነካት ጮኸች ጮኸችና ሜሮኑን ሲቀቧት ዝም አለች፣ ማተቧ ታሰረላት፣ ደሙን በእርፈ መስቀል ሲያቀብሏት ምላሷን አውጥታ ላስ አደረገችው፣ እኔም ቶሎ በነጠላዬ አፏን ሸፈንኩ። እኔ ራሴ እኮ ከወለድኩ ወዲህ መግባቴ ነው፣ ፋሲካን እንኳ ቤት ሆኜ በላይቭ ነው ያስቀደስኩት፣ መድረኩን ስሜ ስገባ የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገርሽ።

እሁድ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበረ። ስንት ዘመን በማዘጋጃ ጋብቻ የኖሩ ባልና ሚስት አሉ፣ ለቤተክርስቲያኗ መጀመሪያ ከተሰባሰቡት ናቸው፣ እነሱ ቆረቡ። የገዛ ልጆቻቸው ሚዜ ሆነው አጀቧቸው! ሴትየዋ ወጥታ መጀመሪያ የሳመችው የኔን ልጅ ነው። ከዛ የነሱም ድግስ የኛም የተረፈው አንድ ላይ ቀረበ፣ እዚህ ሁሌም እንደዛ ነው፣ የአንዱ ደስታ ለብቻው አይደገስም፣ ሰው ስላነስን ነው መሰለኝ እያንዳንዱ ሰው የሚፈለገው። በጎንደር ጥምቀት ባህረ ሰው መሀል ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ያንን ማን ይረሳል፣ ግን እልልታው እዚህም ያው ነው፣ አንቺ ያስተማርሽኝ ነው።

የማርያምን ጽዋም ገብቻለሁ፣ የሚመጣው ወር ሃያ አንድ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ያንቺን ድፎ ልሞክር ነው፣ እርሾው ስንት ቀን እንደሚቆይ በቮይስ ላኪልኝ። ፎቶዎቹን ለማሙሽ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ ትልቅ አድርጎ ያሳይሽ። ለአበልጄም ደውለሽ መርቂልኝ፣ እናቷ በህይወት የሉም፣ ካንቺ አፍ ምርቃት ብትሰማ ደስ ይላታል፣ ቁጥሯን ማሙሽ ያውቀዋል፣ ማታ ማታ ከስራ ስትወጣ ነው የምትገኘው።

ጉልበትሽን እየሳምኩ፣ ልጅሽ