የተማሪዎቻችን ጥናት ከቁም ሣጥን ይውጣ

ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የሕክምና ተማሪዎች በምርምር እንዲሳተፉ ይበረታቱ ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። ተማሪዎችን የማማክር ሐኪም ነኝና አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ዛሬም ይሠራሉ። የጠፋው የሠሩትን የሚቀበል ነው።

አንዲት ተማሪዬ፣ በማጅራት ገትር ተጠርጥረው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሕፃናት የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ እስኪያገኙ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለማጥናት ተነሣች። ከዱቲ (ከአዳር ተረኛነት) ወጥታ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ካርድ ክፍል ትገባለች። ሐኪሙ ያዘዘበትንና ነርሷ የሰጠችበትን ሰዓት ከየታካሚው የሕክምና መዝገብ (ቻርት) እየለቀመች ጎን ለጎን ትጽፋለች። ሰዓት ያልተሞላበት ቻርት ሲገጥማት ፊቷ ይለወጥ ነበር። በመጨረሻ መልሱ ተገኘ፤ ብዙዎቹ የዘገዩት ቤተሰብ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ እስኪመጣ ነው። ለሆስፒታል አስተዳደር ከዚህ የበለጠ ምን መረጃ አለ? ጽሑፉ ቀረበ፣ ውጤት ተሰጠበት፣ ተጠረዘ፣ ተቆለፈበት። በዓመቱ ሌላ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ከ"ሀ" ጀመረ። ይህ ያንገበግበኛል።

የተማሪ ሥራ ነው ተብሎ የሚናቅ ከሆነ፣ ደም እንዳይረጋ በየዋርዱ የምንሰጠው ሄፓሪን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1916 የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የነበረው የጄይ ማክሊን ሥራ ነው። እሱ እንኳ ይፈልግ የነበረው ደም የሚያረጋ ነገር ነበር። ትልቅ ምርምር ከቀላል ምልከታም ይነሣል፤ የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። የተመራቂ ተማሪዎች ጥናት፣ የታካሚ ማንነት ሳይገለጥ፣ ሁሉም የሕክምና ትምህርት ቤት ሊያየው በሚችል አንድ የጋራ ቋት ይከማች። ጥናቱ የተሠራበት ሆስፒታልም ግኝቱን ተቀብሎ ምን እንዳደረገበት በጽሑፍ ይመልስ። ቻርት ብቻ ለሚያይ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ወራት አይፍጅ። አማካሪ መምህሩ ለተማሪው የሚሰጠው ሰዓት እንደ ሥራ ይቆጠርለት፤ አሁን ብዙዎቻችን የምናማክረው በዙር (የተኙ ታካሚዎችን በምንጎበኝበት) እና በኦፒዲ (በተመላላሽ ሕክምና ክፍል) መካከል ቆመን ነው። ተማሪውም ጥናቱን ከምረቃ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ከዱቲ ጋር እንዲያጣብቅ ከመገደድ ይልቅ ሆስፒታል ውስጥ ከሚማርባቸው ክሊኒካል ዓመታት ላይ ለጥናቱ ብቻ የተመደበ ጊዜ ይሰጠው።

የጋራ ቋቱ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ሥራ ቢጀምር፣ የምናማክር መምህራን ጽሑፎቹን አሰባስበን ለማስረከብ ዝግጁ ነን። መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና መምህር